ከቁርጭምጭሚት በላይ

ጥር 8 ቀን

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽና ልጅሽስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ነገር ግን የምጽፈው ደህና ስላልሆንኩ ነውና ከመጀመሪያው መስመር አልዋሽሽም።

ስልኩን ጆሮሽ ላይ ስለዘጋሁት ይቅርታ። ይቅርታው ለመዝጋቴ ነው፤ ለተናገርኩት አይደለም። «አፍሽን ብትይዢ እግርሽ ይቀንሳል» ያልሽኝ አንቺ ነሽ፤ ነርስ ሆነሽ፣ ታላቄ ሆነሽ። በስልክ አንዳችን ሳንጨርስ ሌላችን ስለምንጮህ ከእንግዲህ እንጻጻፍ ያልሽው ግን ልክ ነው። ወረቀት ቢያንስ አያቋርጥም።

ለጥያቄሽ መልሱ፣ አዎ፣ አፌን ይዣለሁ። አራት ወር ሙሉ በቀን አንዴ ነው የበላሁት። ሁለት ጊዜ ሥራ ላይ ራሴን አዙሮኝ መቀሱን ጥዬ ጠረጴዛውን ተደግፌያለሁ፤ ይህን በስልክ አልነገርኩሽም። ወገቤ በአሥራ አንድ ሳንቲም ቀነሰ። ጉንጬ ገባ፣ የአንገቴ አጥንት ወጣ። እግሬ ግን የጣት ያህል እንኳ አልቀነሰም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። አሁን ለራሴ ሱሪ ስቆርጥ ከወገብ በላይና ከወገብ በታች ሁለት ሴቶች ያዘዙት ይመስላል።

ሥራ ቤት ምን እንደተፈጠረም ጠይቀሽኛል። ልብስ ተኳሿ ጋውን ስቀይር እግሬን አየችው። በማግስቱ የሻይ ብርጭቆዬን ከሌሎቹ ተለይቶ መስኮት ላይ ለብቻው ተቀምጦ አገኘሁት። «ዝሆኔ ነው፣ ይጋባል» ተብሏል። ሥራ አስኪያጁ ወደ ክሊኒክ ላከኝ። ሐኪሙ ቀሚሴን እንኳ ሳያስገልጠኝ «ውፍረት፤ እብጠት፤ ምናልባት ልብ ወይም ኩላሊት» ብሎ ጻፈና ውሃ የሚያስወጣ ክኒን ሰጠኝ። ክኒኑ ሽንት ቤት አመላለሰኝ እንጂ እግሬን አልነካውም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

መጋቢት 6 ቀን የሕክምና ቦርድ ፊት እቀርባለሁ። «ቆማ መሥራት አትችልም» ካሉ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ለሌላ ይሰጣል፤ እኔ የቁልፍና የክር መጋዘን ውስጥ እቀመጣለሁ። አሥራ አራት ዓመት የተማሪና የሆስፒታል ደንብ ልብስ ስቆርጥ አንድ ጣቃ ጨርቅ አበላሽቼ አላውቅም። ሠራተኛው በስሜ ጠርቶኝም አያውቅም፤ ከአንገቴ ስለማይወርድ «ሜትር» ነው የሚለኝ። መጋዘን ውስጥ ምን ብለው ሊጠሩኝ ነው? አልሄድም እትዬ። በሽታዬ ስም ካለው ስሙን ይዤ እቀርባለሁ፤ ከሌለውም በዚሁ እግሬ ቆሜ እከራከራለሁ።

ለልጅሽ ምርቃት የምትለብሺውን ቀሚስ የምሰፋው እኔ ነኝ ብያለሁ። ልክሽን ስጠይቅሽ ይህ ሦስተኛዬ ነው። ላኪልኝ።

ታናሽሽ ሜትር


ጥር 17 ቀን

ለእህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁላችንም ደህና ነን። ልጄ ለመጨረሻ ፈተናዋ እያጠናች ነው፤ ሰላም ብላሻለች።

ራስሽን እንዳዞረሽ አላወቅሁም ነበር። ያላወቅሁት ስላልጠየቅሁ ነው፤ ሳልጠይቅ ፈረድኩብሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ዛሬውኑ መብላት ጀምሪ። ይህ ምክር አይደለም፣ ትዕዛዝ ነው። ስለ ብርጭቆው ደግሞ፣ ዝሆኔም ቢሆን በብርጭቆ አይጋባም። ነርሷ እህቴ አለች ብለሽ ንገሪያት።

ያበጠ እግር ሁሉ አንድ አይደለም። ክፍላችን ውስጥ በየቀኑ አየዋለሁ። ልቡ የደከመም ያብጣል፣ ኩላሊቱ የታመመም ያብጣል፣ ደም ሥሩ ውስጥ ደም የረጋበትም ያብጣል፤ መድኃኒቱ ግን የየራሱ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንጀምር። ያያያዝኩልሽ ወረቀት ላይ ያሉትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መልሺልኝ። እግርሽን ለአሥር ቀን ጠዋትና ማታ ለኪው፤ መለካትማ እንጀራሽ ነው። ክኒኑን የሰጠሽን ሐኪም ሳታማክሪ በራስሽ አታቋርጪ። አንዱ እግርሽ ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከጋለና ካመመሽ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ለእኔ አትጻፊ፤ ሆስፒታል ሩጪ።

ቀሚሱ አያስቸኩልም። ሱሪ አለኝ።

እህትሽ


የካቲት 1 ቀን

ለምትወጂኝና ለምታዢኝ እትዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እየበላሁ ነው፤ ትዕዛዝሽን አክብሬ ሳይሆን ርቦኝ።

ወረቀትሽን ግድግዳ ላይ ለጥፌ እንደ ተማሪ መለስኩ። ስተኛ ትንፋሽ አያጥረኝም፤ ጥቅል ጨርቅ ተሸክሜ ሁለት ፎቅ እወጣለሁ። አውራ ጣቴን ባቴ ላይ ተጭኜ እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ። ጉድጓድ አልቀረም፤ እኔ ግን ከሕመሙ የተነሣ ጮኼ ጎረቤት በሩን አንኳኳ። በእግሬ ሁለተኛ ጣት ሥር ያለው ቆዳ እንደ ስስ ጨርቅ ይቆነጠጣል። እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ባድርም ጠዋት ያው ነው። መበለዙንማ አትጠይቂኝ፤ የጠረጴዛው ጠርዝ መቼ እንደነካኝ ሳላስታውስ ጠቁሮ አገኘዋለሁ። የጀመረኝ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ጡቴ ሲወጣ እሱም አብሮ ወጣ።

ከቤተሰብ ማን አለ ላልሽው መልሱን አንቺም ታውቂዋለሽ። እናታችን ናት። እስክትሞት ድረስ እግሯን ያጠብሽው አንቺ ነሽ። ታዲያ እኔን ለምን ጠየቅሽኝ?

ልኩ ይኸውልሽ። ጠዋት፣ ጫማ ማሰሪያው ላይ 23፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ 31፣ ባት 47፣ ጉልበት 50፣ ጭን 74። ከሥራ መውጫ ላይ፣ 26፣ 34፣ 50፣ 53፣ 77። አሥሩም ቀን ከዚህ ብዙም አልራቀም።

የአንቺ ልክ አልደረሰኝም። አራተኛዬ ነው።

ሜትር


የካቲት 8 ቀን

እህቴ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆዪልኝ። ቁጥሮችሽን የነርሶች ክፍል ውስጥ ሦስት ጊዜ አነበብኳቸው። በየቀኑ ሦስት ሳንቲም! ከቁርጭምጭሚት በታች ሳይቀር! ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ቀን ሆስፒታል ሄደሽ ልብሽንና ኩላሊትሽን ተመርመሪ። ግራ እግርሽስ የት ሄደ? የላክሽልኝ የአንድ እግር ልክ ብቻ ነው። የሚያብጠው አንዱ ብቻ ከሆነ ሌላ ነገር ነውና አትደብቂኝ።

ወረቀትሽን ለደም ሥር ሐኪማችን አሳየኋት። ብዙ አየችውና «እብጠት እንዲህ በሥርዓት ይጨምራል እንዴ? ጭኑም ሦስት፣ ቁርጭምጭሚቱም ሦስት? ለመሆኑ የእህትሽ ሥራ ምንድን ነው?» አለችኝ። ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም።

ስለ እናታችን የጠየቅሽኝን አሁን አልመልስም። ሆድ ይፍጀው።

እህትሽ


የካቲት 15 ቀን

እትዬ፣

መጀመሪያ ትንፋሽሽን ሰብስቢ። ልቤም ኩላሊቴም ደህና ናቸው። አስፈራርተሽኝ ሮጬ ሄጄ ደምም ሽንትም ሰጠሁ፤ ልቤንም በመሣሪያ አዩት። ምንም የለም። ውጤቱን አያይዣለሁ።

ሐኪማችሁን ሳሚልኝ! ሥራዬን አወቀችብኝ። ጠዋት ቤቴ ስለካ ሜትሩ ያለውን ነው የጻፍኩት። ከሥራ መውጫ ላይ ግን የምለካው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሜ፣ የምጽፈውም ትዕዛዝ ደብተሬ ላይ ነው። እዚያ ደብተር ላይ እጄ የሰውን ልክ ብቻውን ጽፎ አያውቅም፤ ልብሱ እንዳይጠብ ለመላወሻ ሦስት ሳንቲም ይጨምራል። ጨርቅ በሌለበት አሥር ቀን ሙሉ ለእግሬ መላወሻ ስጨምርለት ከረምኩ! ግራ እግሬም አልጠፋም። እኛ ጨርቁን አጥፈን ነው የምንቆርጠው፤ አንዱን ለክተሽ ሁለት ታገኛለሽ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ግራ እግር ለክቼ አላውቅም።

ያለ መላወሻ እንደገና ለካሁ። ከሥራ መውጫ ላይ ቀኙ 23፣ 31፣ 47 ተኩል፣ 50፣ 74 ነው። ግራው 23፣ 31፣ 47፣ 50፣ 74። መንታ ናቸው። ከቁርጭምጭሚት በታች ጠዋትም ማታም ያው ነው።

ሌላም ያደረግሁት አለ። ምስማር ላይ የተሰቀሉትን ፓተርኖቼን፣ ጨርቅ የምቆርጥባቸውን የወረቀት ልኮች፣ አወረድኩ። የዘንድሮውን የሱሪዬን ፓተርን ከመራቤ በፊት በቆረጥኩት ላይ ሳነጥፈው ወገቡ ገብቷል። ከዳሌ በታች ግን አንዱ ወረቀት ሌላውን ልክክ አድርጎ ሸፈነው። ከሥራቸው አንድ ያረጀ ፓተርን ነበር። ተለማማጅ ሳለሁ ለእናታችን የቆረጥኩት ሱሪ ነው፤ አንድም ቀን ለብሳው ከቤት ሳትወጣ ሞተች። በእኔው ላይ አነጠፍኩት። እትዬ፣ ያው ነው። ቁርጭምጭሚቱ ጋ ሲደርስ በድንገት መግባቱ ሳይቀር ያው ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ። እናታችን ዕድሜዋን ሁሉ ሆዳም ስትባል ኖረች። እኔ አልባልም።

ሆድ ይፍጀው ደግሞ አትበይኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ምንድን ነው የደበቅሽኝ? ልክሽስ የት አለ? አምስተኛዬ ነው።

ሜትር


የካቲት 22 ቀን

እህቴ ሜትር፣

ደብዳቤሽን ለሐኪሟ ሳነብላት ስለ መላወሻው እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ስለ እናታችን ፓተርን ስትሰማ ግን ያንን ክፍል ደግሜ እንዳነብላት አዘዘችኝ። ከዚያ «ሊፒዲማ ይመስለኛል» አለችኝ። ይመስለኛል ያለችው በደብዳቤ ስለማይወሰን ነው። የሚለየው በሐኪም እጅና ዓይን እንጂ በደም ምርመራ አይደለም፤ ስለዚህ እናንተ ከተማ ላለው ትልቁ ሆስፒታል ደም ሥር ክፍል ጽፋልሻለች። ከቦርዱ በፊት ሄደሽ ታዪ።

እንዴት እንደሚለይ ያስረዳችኝን ልንገርሽ፤ ቦርዱ ፊት ይጠቅምሻል። ልብ ወይም ኩላሊት ቢሆን ስትጫኚው ጉድጓድ ይቀር ነበር፣ ጫማም ይጠብሽ ነበር። እንደ ዝሆኔ ያለ የሊምፍ እብጠት ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ አንዱ እግር ይብሳል፤ ጣትሽ ሥር ያለው ቆዳም አይቆነጠጥልሽም። የአንቺ ሁለቱም እግር እኩል ነው፣ ሲነኩት ያምሻል፣ በቀላሉ ይበልዛል፣ ተርበሽም አልቀነሰም፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቆማል፣ ከእናት ወርዷል። ስብ ነው፤ ግን አፍ ያመጣው ስብ አይደለም። ውሃ ስላልሆነ የውሃ ክኒን አያወጣውም። ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ መድኃኒት የለውም፤ ጠበቅ ያለ የሕክምና ካልሲና መንቀሳቀስ ግን ሕመሙን ያቀልሉታል።

አሁን የደበቅሁሽን ልንገርሽ። እናታችን የመጨረሻውን ዓመት እኔ ቤት ስትኖር ምግቧን የምቀንሰው እኔ ነበርኩ። ሳህኗን ግማሽ አድርጌ አቀርብላትና እያየችኝ ቶሎ አነሣው ነበር። እግሯን ሳጥብም ጣቶቿ፣ ጫማ የሚገባበት ሁሉ፣ የልጅ እግር ይመስል እንደነበር በየቀኑ አይቻለሁ። ያበጠ ሰው እግሩ እንዲህ እንደማይሆን ማሰብ ሥራዬ ነበር። አላሰብኩም። አንድ ቀን ሳህኑን ሳነሣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ሆዳም አይደለሁም» አለችኝ። «አውቃለሁ እማዬ» አልኳትና ሳህኑን ይዤ ወጣሁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባል የለ? የእግሯን ጥፋት አፏ ላይ ለከክነው። ያንን ሳህን እስካሁን ወጥ ቤቴ ውስጥ አለኝ፤ ልጥለውም ልበላበትም አልቻልኩም።

ልኬን አትጠይቂኝ። ለአንድ ደብዳቤ የተናገርኩት ይበቃኛል።

እህትሽ


መጋቢት 10 ቀን

እትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? አልተቀየምኩሽም ብል እዋሻለሁ፤ ሁለት ቀን ተቀይሜሻለሁ። በሦስተኛው ቀን ያንን ሱሪ ስቆርጥ «እማ፣ ትንሽ ብትቀንሺ ኖሮ ጨርቁ ይበቃን ነበር» እንዳልኳት ትዝ አለኝ። ሳቀች፤ ሱሪውን ግን አልለበሰችውም። አብረን ነው የበደልናት፣ አብረን እንሸከመዋለን። ሳህኑን አትጣይው።

ቦርዱ ምን አለ ብለሽ በልጅሽ ያስጻፍሽው መልእክት ደርሶኛል። ሦስት ነበሩ። ሊቀመንበሩ የክሊኒኩን ወረቀት አንብቦ «ክብደትዎን ለመቀነስ ሞክረው ያውቃሉ?» አለኝ። ፓተርኖቹን ጠረጴዛቸው ላይ፣ ፋይላቸውም ላይ፣ ብዕራቸውም ላይ ዘረጋሁባቸው። «ይህ ወገቤ ነው፤ አሥራ አንድ ሳንቲም ሄዷል። ይህ እግሬ ነው፤ ምንም አልሄደም። ይቺ ደግሞ እናቴ ናት» አልኩት። ከዚያ የደም ሥር ክፍሉን ወረቀት አናቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ስሙ ተጽፎበታል፣ ሊፒዲማ። የሆስፒታሉ ሐኪም ሁለቱንም እግሬን ከዳሌ እስከ ጣት ዳስሶ፣ ሃያ ደቂቃ ፈጅቶ ነው የጻፈው። እግሬን ሐኪም ሲነካው በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው።

ከሦስቱ አንዷ ሴት ናት። «ብናየው ቅር ይልዎታል?» አለችኝ። ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ በክፍሉ መሃል ቆምኩ። እኔ አላፈርኩም፤ ዓይኑን ወደ መስኮቱ ያዞረው ሊቀመንበሩ ነው። ሴትየዋ «ያምዎታል?» አለችኝ። ወፍራም ነሽ ያለኝ ብዙ ነው፤ ያምሻል ወይ ያለኝ ግን እሷ ብቻ ናት። «ያመኛል። መቀስ የምይዘው ግን በእጄ ነው» አልኳት።

ጠረጴዛዬ የእኔ ነው እትዬ! የሕክምና ካልሲ አደርጋለሁ፣ ስደክም የምቀመጥበት ከፍ ያለ ወንበር ይሰጠኛል፣ በየሰዓቱ ትንሽ እንቀሳቀሳለሁ፤ ውሳኔው ይኸው ነው። ክኒኑንም ሐኪሙ አስቆመኝ። በሽታው እንደማይሄድ ነግረውኛል። ይሁን፤ እኔም አልሄድም።

ብርጭቆዬን ከመስኮቱ አንሥቼ ከሌሎቹ መሃል ከተትኩት። ልብስ ተኳሿ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። በማግስቱ መልሳ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። እኔም መልሼ ከተትኩት። ይኸው አራተኛ ቀናችን ነው፤ ማን እንደሚደክመው እናያለን።

ልክሽን ከእንግዲህ አልጠይቅሽም። ጨርቁን ግን ገዝቻለሁ፤ አንጀት የሚያርስ ሰማያዊ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ። እኔ ሰውን ቆሞ ካየሁት በዓይኔ እለካዋለሁ። ከወለድሽ ወዲህ አንቺን ከሰፊ ሱሪ በቀር ሌላ ለብሰሽ አይቼሽ አላውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ሜትር


መጋቢት 19 ቀን

እህቴ፣

ሁላችንም ደህና ነን። በየደብዳቤው ስጽፍልሽ የኖርኩት ነው፤ የዛሬው ግን የምሬን ነው።

ከእንግዲህ አልጠይቅም ላልሽኝ ጥያቄ መልሱ አዎ ነው፤ የእኔም እግር እንደ አንቺ ነው። ልጄን ከወለድኩ ወዲህ፣ አሥራ ስምንት ዓመት። አንቺን አፍሽን ያዢ ስል እኔም ይዤ ነበር፤ ለእኔ አልሠራ ሲለኝ ነው ባንቺ ላይ የጮኽኩት። ለዚህ የሚሆን ይቅርታ ፈልጌ አጣሁ። ትናንት ሐኪሟ ዘንድ ተራ ይዤ እንደ ታካሚ ገባሁና ሱሪዬን አወለቅሁ። አየችኝ፣ ዳሰሰችኝ፣ ከዚያ «እህትሽ ናት ያመጣችሽ፣ አይደል?» አለችኝ።

ቤት ስንለካ የሜትሩን ጫፍ የያዘችልኝ ልጄ ናት። ስንጨርስ የራሷን እግር አየት አድርጋ «እማ፣ የእኔም እንደዚህ ሊሆን ነው?» አለችኝ። አምና ብትጠይቀኝ ኖሮ እራቷን እቀንስባት ነበር። «ሊሆን ይችላል። ከሆነም ስሙን እናውቀዋለን» አልኳት። ከዚያ ያንን የእናታችንን ሳህን አውርጄ ሞልቼ አቀረብኩላት። ሁለቴ አስጨመረች።

ከዚህ በታች ያለው ሜትሩ ያለው ነው። መላወሻ አልጨመርኩም፤ እሱ ያንቺ ሥራ ነው። ግራውንም ለክቻለሁ።

ደረት 94። ወገብ 84። ዳሌ 118። ጭን 70፣ ግራም 70። ባት 44፣ ግራም 44። ከቁርጭምጭሚት በላይ 29፣ ግራም 29። ጫማ ማሰሪያው ላይ 22፣ ግራም 22።

ለቀሚስ ይህ ሁሉ እንደማያስፈልግሽ አውቃለሁ። ግን ጠይቀሽኛል፤ ይኸው።

ርዝመቱ እስከ ጉልበት ይሁን።

እትዬ